ሃያ ሁለት ቀን

መስከረም 27

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

ያለሁበት ክፍል በሩ ድርብ፣ መስኮቱ የማይከፈት ነው፤ ሰላምታዬን ግን የሚያግደው የለምና እንደምን ሰነበትሽልኝ? ስፌት መኪናሽስ ደህና ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛ ቀኔን ይዣለሁ። እዚህ ቀን የሚቆጠረው ያንቺ ሴሎች ከገቡልኝ ዕለት ጀምሮ ነው። ዕድሜዬን ሲጠይቁኝ «ሠላሳ ስምንት ቀን» ልል ይቃጣኛል።

አንቺ ወደ አገር ቤት ከተመለስሽ ወዲህ ብዙ ነገር ተሽሎኛል። አፌ ውስጥ የነበረው ቁስል ደርቆ ሾርባ መዋጥ ጀምሬያለሁ። ስቴም ሴል የሚሏቸው ከክንድሽ የቀዷቸው ሴሎች መቅኔዬ ውስጥ ገብተው ቤታቸውን ሠርተዋል አሉኝ። ዶክተሯ «ካሁን በኋላ ደምህ የእህትህ ደም ነው» ስትለኝ፣ «እንግዲያው በቀን ሃያ ጊዜ እጄን ልታጠብ ነዋ!» አልኳት። እኔና ወንድማችን ምላጭ «ሳሙና» ብለን ስም ያወጣንልሽ ለምን እንደሆነ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ለምን አትደውልም ብለሽኛል። ስደውል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ምንም ሳንባባል ይዘጋል። ይልቅ እንደ ድሮው እንጻጻፍ። ወረቀት ከውጭ ክፍሌ አይገባም፣ ጀርም ይዞ ይመጣል ይላሉ። ስለዚህ ጻፊና በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እኔም እንደዚሁ አደርጋለሁ። የእጅ ጽሑፍሽን ካየሁ ይበቃኛል።

ከመስኮቴ የአውቶቡሱ መጨረሻ ማቆሚያ ይታየኛል። በእኔ ቦታ አሥራ አራት ቁጥርን የሚነዳው ሰው ሲታጠፍ የኋላ ጎማውን ከጠርዙ ጋር ያፋጨዋል። ባየሁት ቁጥር እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

አንድ ትንሽ ነገር አለች። በየሳምንቱ ደሜን ይመረምራሉ፤ ባለፈው ሰኞ አንድ ቫይረስ አግኝተውበታል። ብዙ አይደለም አሉኝ። በቀን ሁለቴ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ጀምረውልኛል። እንዳታስቢ።

ወንድምሽ ጭራሮ

መስከረም 29

ለዓይኔ ማረፊያ ለወንድሜ፣

ፈጣሪ አልጋህን የማገገሚያ አልጋ ያድርግልህ። የሚነኩህን እጆች ሁሉ ይባርክልህ። እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤህን ስፌት ላይ ሆኜ ሳነብ የአንዱን ተማሪ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቼው ቁጭ። እናቱ ለመውሰድ ስትመጣ ዘርግታ አየችውና «ልጄ እየዘለለ ነው እንዴ ትምህርት ቤት የሚሄደው?» አለችኝ። ስቃ ማረችኝ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ተረተርኩት።

«አንድ ትንሽ ነገር አለች» ትለኛለህ። አንተ ከልጅነትህ ትልቁን ነገር በትንሽ ቋጠሮ የምታስር ሰው ነህ። ከአጥር ወድቀህ ክንድህ የተሰበረ ጊዜ «ትንሽ ታጥፋለች» አልነበር ያልከኝ? አጥንቱ በእጅጌህ ሊወጣ ምንም አልቀረው!

ቫይረሱ የምንድነው? ስሙስ ማን ይባላል? ከኔ ሴሎች ጋር የገባ ይሆን? ሴሎቼን ከመስጠቴ በፊት ባለው ሳምንት ጉሮሮዬን ትንሽ ከርክሮኝ ነበር። ለነርሷ ነግሬያት ምንም አይደለም ብላኛለች፤ እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል። እውነቱን ንገረኝ። እውነት እችላለሁ።

እትዬ

ጥቅምት 11

ለውድ እትዬ፣

አልጋህን የማገገሚያ አልጋ ያድርግልህ ብለሽ የላክሽልኝ ምርቃት ደርሶኛል፤ ላንቺም እጥፍ ይሁን።

ቫይረሱ ካንቺ አልመጣም፤ ይህን መጀመሪያ ልበልና ልብሽ ይረፍ። ስሙ ረጅም ነው፣ ሳይቶሜጋሎ ይሉታል። ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አብዛኛውን ሰው በልጅነቱ በምራቅ ይይዘዋል፤ ጉንፋን መስሎ ያልፋል፤ ግን ተደብቆ ይተኛል እንጂ ከሰውነት አይወጣም። ደህና ሰው ውስጥ የሰውነቱ ዘበኞች፣ ነጭ ሴሎቹ፣ ስለሚያውቁት ቀና ሊል አይደፍርም። የኔ ዘበኞች ደግሞ ከደሜ ካንሰር ጋር አብረው ተጠርገዋል። አሁን በሬ ላይ የቆሙት ያንቺዎቹ ናቸው፤ እነሱ ይህን ጠላት በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ቢያልፍ አላፊ አግዳሚ ይመስላቸዋል።

«እህትህን እስከዚህ ዕድሜዋ ሳይይዛት መቅረቱ ብርቅ ነው» አለችኝ። እኔን ግን አልገረመኝም። በሰው ብርጭቆ የማትጠጪ፣ ማንኪያሽ ላይ ቀይ ክር አስረሽ ለብቻ የምታስቀምጪ ሰው! እኔና ምላጭ በአንድ አልጋ ተኝተን፣ አንዱን ማስቲካ በተራ እያኘክን ነው ያደግነው። እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት።

የመጀመሪያው መድኃኒት አልበገረውም። ጭራሽ ነጭ ሴሎችሽን አወረዳቸው። ሌላ ቀይረውልኛል፤ እሱን ደግሞ ኩላሊቴ አልወደደውም። ቫይረሱ በየሳምንቱ ይጨምራል። ዶክተሯ አንድ መንገድ ቀርቷል አለችኝ፦ ቫይረሱን ከሚያውቅ የሥጋ ዘመድ ደም ይወስዱና ከውስጡ ጠላቱን የሚለዩትን ሴሎች ብቻ ለቅመው ለኔ መስጠት። «ሌላ ወንድም ወይም እህት አለህ?» ስትለኝ፣ «ወንድም አለኝ» አልኩ። እንዲህ ካልኩ ስንት ዓመቴ!

እትዬ፣ ምላጭን ጠይቂልኝ። እኔ ብደውል አያነሳም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሳም። ምን እንደበደልኩት አላውቅም። ድንገት ባትሄድብን ኖሮ መጥቼ አብሬው እቀብራት እንደነበር እሱም ያውቃል። ብቻ በድሎኛል ካለ፣ ይቅር በለኝ ብሎሃል በይው። ሱቁ ካንቺ ቤት ሁለት መንገድ አይደል? ዶክተሯ ቶሎ ብላለች።

ወንድምሽ

ጥቅምት 24

ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? የላይኛው ሐኪም ይጎብኝህ። እኔ ደህና ነኝ።

ዝናቡ ዘንድሮ አልቆም ብሎ የሱቄ ጣሪያ ከስፌት መኪናዋ በላይ ማፍሰስ ጀምሯል። መኪናዋን ወደ ግድግዳው ባስጠጋት ብርሃን አጣሁ፤ ወደ በሩ ባመጣት ጭቃው ይረጫታል። በመጨረሻ ባልዲውን ጭኔ መሀል አድርጌ ስሰፋ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ባለቤት አየኝና «እትዬ፣ ልብስ ነው የምትሰፊው ወይስ ላም ነው የምታልቢው?» አለኝ። ሰማያዊው ጣቃ ጨርቅ ጫፉ ረጥቦ ቀለሙን ለቋል። የኮሌታ ሥራ በዝቶብኛል። አንገቴንም ያመኛል።

የኔን ሴሎች ደግመው ቢወስዱስ? ያን ጊዜ ከአንድ ክንድ ነው የወሰዱት፣ ሌላው ክንዴ አለ። ቫይረሱን አሳይተው ማስተማር አይችሉም? እኔ የተነገረኝን ቶሎ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ሴሎቼም እንደኔው ናቸው።

ስለ ምላጭ፣ ሱቁ ዝግ ነው። ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል አሉኝ። ሲመለስ እነግረዋለሁ።

እትዬ

ጥቅምት 26

እትዬ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ትንፋሼም እንደዚያው። አትቀየሚኝ።

ቫይረሱ ሳንባዬ ገብቷል። አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርገውልኛል። እስከ መታጠቢያ ቤት ስድስት እርምጃ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ቆሜ አርፋለሁ።

ደብዳቤሽን አሥራ ሦስት ቀን ጠበቅኩት። ስለ ዝናብ አንድ ገጽ ጽፈሽልኛል፤ ስለ ምላጭ ሁለት መስመር። አንቺ ስትዋሺ ስለ ሌላ ነገር ብዙ ታወሪያለሽ፤ ይህን የማላውቅ ይመስልሻል? እምቢ ብሎ ከሆነ እምቢ አለ በይኝ። እምቢታን እችለዋለሁ። ዶክተሯ በየቀኑ «ከወንድምህ ምን ተሰማ?» ትለኛለች፣ እኔም በየቀኑ «ነገ» እላታለሁ። ሌላ የምላት ነገር ስጪኝ።

ጭራሮ

ኅዳር 4

ለወንድሜ፣

ዛሬ ምርቃት ለመጻፍ አፍ የለኝም። መጀመሪያ አንብበው፣ ምርቃቱን ከፈለግከው በኋላ እልክልሃለሁ።

ምላጭ የትም አልሄደም። ሱቁ አንድም ቀን አልተዘጋም። በየቀኑ እስከ ማዕዘኑ ድረስ እየሄድኩ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን መስታወቱ ድረስ ደርሼ ነበር፤ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ጀርባውን አየሁና ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እማዬ በድንገት አይደለም የሞተችው። አምስት ሳምንት ተኝታለች። ኩላሊቷ ነበር። አንተ ያኔ የመኖሪያ ወረቀትህን ትጠብቅ ነበር፤ ከወጣህ መመለሻ የለህም። «አትንገሩት» ብላ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። እንዳለች አድርጌ ስንት ጊዜ ለራሴ አውርቻለሁ። አላለችም። «ጭራሮ መቼ ነው የሚመጣው?» ነበር የምትለው። የወሰንኩት እኔ ነኝ።

ምላጭ በየቀኑ «ነገርሽው?» ይለኝ ነበር። አልነገርኩትም ብለው ራሱ ደውሎ ይነግርሃል፣ አንተም ሁሉን ጥለህ ትመጣለህ። ስለዚህ «ነገርኩት፣ መምጣት አልችልም ብሏል» አልኩት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከቀብሩ በኋላ እፈታታለሁ ብዬ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ቋጠሮው ጠበቀና የምይዝበት ጫፍ አጣሁ። እሱ ስምህ ሲነሳ ከቤት ይወጣል፣ አንተ «ምን አድርጌው ነው?» ትለኛለህ፣ እኔ መሀል ቆሜ ለሁለታችሁም ሰላምታ አደርሳለሁ።

ትናንት ገባሁ። አንድ ሰውዬ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። «ጭራሮ ብሶበታል» አልኩት።

«ደምሽን ሰጥተሽው መጣሽ አይደል? ሰፈሩ ሁሉ ያወራል» አለኝ ዓይኑን ከሰውዬው አገጭ ሳያነሳ።

«አሁን ያንተን ይፈልጋል።»

«የኔን? እናቱ ስትሞት ያልመጣ ሰው የኔ ደም ምን ያደርግለታል?»

እዚያው ቆሜ፣ ሰውዬው እየሰማ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ምላጩ አየር ላይ ቀረ። ሰውዬው አረፋውን እንዳንጠለጠለ ብድግ ብሎ «ነገ እመለሳለሁ» ቢል፣ ወንድምህ «ቁጭ በል፣ ግማሽ ሰው አድርጌ አልሰድህም» አለው። ላጭቶ ጨረሰው። ፎጣውን አራገፈ። ሰውዬው ሲወጣ ወደኔ ዞሮ «ስምንት ዓመት» አለ። በሩን ከፍቶ ያዘልኝ፤ ውጪ ማለቱ ነበር።

ማምሻውን ቤቴን አንኳኳ። ግባ ብለው አልገባም። «የሆስፒታሉን ስልክ ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት። «ካንቺ ጋር ገና አልተነጋገርንም፣ ይህን እወቂ» ብሎኝ ሄደ።

ከጠየቅከኝ ቀን እስከ ትናንት ሃያ ሁለት ቀን ነው። ቆጥሬዋለሁ።

እህትህ

ኅዳር 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስልኬን ግድግዳ ላይ ልወረውረው አስቤ ጉልበት አጣሁ።

ተናድጄብሻለሁ። በዚህ ሳንባ መጮህ ስለማልችል ነው እንጂ ድምፄ እዚያ ድረስ ይሰማሽ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ «ድንገት ነው፣ ማን በምን ያውቃል» እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ለካ አምስት ሳምንት ጠብቃኛለች።

ደግሞ ንዴቴ ጋብ ሲል ሌላ ነገር ይመጣብኛል። ብትነግሪኝ እመጣ ነበር ወይ? ዛሬ ላይ ሆኖ «እመጣ ነበር» ማለት ቀላል ነው። ያኔ ያንን ወረቀት እንዴት እንደምፈልገው አንቺ ታውቂያለሽ። ምናልባት አንቺ የዋሸሽውን እኔ በራሴ አፍ እለው ነበር። አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህም ያናድደኛል።

ምላጭ ትናንት ደወለ። «ሃሎ» ተባባልን። ትንፋሹን እሰማለሁ፣ እሱም የኔን ይሰማል፤ የኔ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ድምፅ በዝቶበታል። ሳልጠይቀው «የጉዞ ወረቀቴን እያስጨረስኩ ነው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ መጀመሪያ የዘጋው እሱ ነው።

እየተናደድኩብሽም ደሜ ያንቺ ነው። ከአልጋዬ ስነሳ የሚያነሳኝ እሱ ነው። ለቀረው ነገር ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ጉልበት ሳገኝ እጽፍልሻለሁ።

ጭራሮ

ታኅሣሥ 10

እትዬ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እኔንም ያጽናኝ። ትናንት በስልክ ከነገርኩሽ በኋላ ስትጮሂ መስማት ስላልቻልኩ ነው የዘጋሁት። የቀረውን እጽፍልሻለሁ። እኔ ምላጭ ጽሑፍ አላውቅበትም፤ እንዳወራሁት አድርገሽ አንብቢው።

የገባሁት ኅዳር 17 ነው። ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፎልኝ እንኳ ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ጋውን አልብሰው፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍነው፣ እጄን አሳጥበው አስገቡኝ። ጭራሮ ዓይኔን ብቻ አይቶ «ሸበትክ እንዴ?» አለኝ፤ ቅንድቤን ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ አውቶቡስ የሚነዳውን ያን ረጅም ሰው ፈልጌ አልጋው ላይ ያጣሁት መስሎኝ ነበር። እውነትም ጭራሮ ሆኗል።

በማግስቱ ማሽን ላይ አጋድመው አራት ሰዓት ያህል ደሜን በአንድ ክንድ እያወጡ በሌላው መለሱልኝ። ከዚያ መርምረውና ለቅመው ኅዳር 21 ሰጡት። ሴሎቹን ሳያቸው ደነገጥኩ፤ በአንዲት መርፌ ውስጥ ያለች፣ ውሃ የመሰለች ነገር ናት። «ይህችን ልሰጥ ነው ባሕር የተሻገርኩት?» አልኳት ነርሷን። በአማርኛ ነበርና ባትሰማኝም ሳቀች።

ሠርቷል፣ እትዬ። ይህን እወቂ። በመጀመሪያው ሳምንት ቫይረሱ በግማሽ ወረደ፣ በሁለተኛው በደሙ ውስጥ ፈልገው ሊያገኙት ምንም አልቀራቸው። ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ነው የመጣችው። ሳንባው ግን ቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ ቫይረሱ ቢሸነፍም ያቃጠለው አልበቀለም። ኦክስጅኑን ጨመሩት፣ ከዚያ ፊቱን የሚሸፍን ጭንብል አደረጉለት፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር አልነበረም።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት ያወራነው ስለ እማዬ ነው። አምስቱን ሳምንት ቀን በቀን አስነገረኝ። ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን አንድም ነገር እንዳላልፍበት ይጠይቀኛል። «የመጀመሪያው ማክሰኞ ምን በላች? ትራሷን የሚያስተካክልላት ማን ነበር? ስሜን ስትጠራ አንተ ምን ትላት ነበር?» «ይመጣል እላት ነበር» አልኩት። «ጥሩ ብለሃል» አለኝ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ስንደርስ እንዳልጨርስ አደረገኝ። «በቃ፣ እዚህ ላይ ጭራሮም አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ነበር በል» አለ።

አንድ ቀን ዶክተሯ ስታየው እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የከነከነኝን ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፦ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ብመጣስ ኖሮ? ገና «ሦስት ሳምንት» ስል እጄን ያዘኝ። በዚያ አቅሙ እንዴት እንደጨበጠኝ! ዶክተሯ ስትወጣ ጭንብሉን ገለል አድርጎ «እሱን አትጠይቅ» አለኝ።

«ለምን?»

«ካወቅክ ለእትዬ ትነግራታለህ።»

ከዚያ በኋላ ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ብቻዋን አግኝቻት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ሰላም ብያት አልፌያለሁ።

ላንቺ ደብዳቤ ሊጽፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት አስመጥቷል። ሁለቱም ላይ «እትዬ» ይላል፤ ከዚያ አላለፈም። ይዣቸዋለሁ። ትናንት ጠዋት አሥራ አራት ቁጥር ስታልፍ አሳየኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ተኛ፤ በዚያው ነው የሄደው። እጁ እጄ ውስጥ ነበር። አልተሰቃየም ብዬ አልዋሽሽም፣ ግን አልፈራም።

እኔ ካንቺ ጋር ገና አልጨረስኩም። የምናገርሽ ክፉ ቃል አለ፣ ስምንት ዓመት የተጠራቀመ። ግን ለሌላ ቀን ይቆይ።

አስከሬኑን ይዤ ሐሙስ ጠዋት እገባለሁ። ዘመድም ጎረቤትም እንዳትልኪብኝ። አንቺ ራስሽ ነይ። ከአውሮፕላኑ ሲወርድ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን አንቺ ትይዣለሽ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። እንዳትዘገዪ።

ወንድምሽ ምላጭ